የወሎን ፖድካስት ለአድማጩ ማድረስ፦ ከጥቆማ ሥርዓቶች ጋር ደረጃ በደረጃ

ደሴ ላይ ተቀምጦ ስለ ውጫሌ ውል የ40 ደቂቃ ፖድካስት ያዘጋጀ ሰው፣ ሥራው ሰማንያ አድማጭ ላይ ሲቆምበት «ሕዝቡ ቁም ነገር አይወድም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ሕዝቡ አልጠላውም፤ አላየውም። ዩቲዩብ፣ ስፖቲፋይም ሆነ አፕል ፖድካስትስ ላይ ሰው የሚመርጠው ፊቱ ከቀረበለት ውስጥ ነው፤ የሚያቀርብለት ደግሞ የጥቆማ ሥርዓቱ ነው። ሥርዓቱ ምን አይቶ እንደሚያቀርብ ከታወቀ፣ አብዛኛው እንቅፋት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሥራ የሚነሣ ነው።

ከታች ያለው መመሪያ ታሪክ፣ መንዙማ፣ ቅኝት፣ እርሻ ወይም ሌላ ጉዳይ ይዘው በአማርኛ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ የኋለኛው ደረጃ በፊተኛው ላይ የቆመ ነው።

ሥርዓቱ ምን ያያል?

ጥቆማ በሁለት እርከን ይሠራል። በመጀመሪያ ከሚሊዮኖች መካከል ጥቂት መቶ እጩዎች ይለቀማሉ። ቀጥሎ እነዚያ እጩዎች ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ይመዘኑና ከላይ ወደ ታች ይሰለፋሉ። የዩቲዩብ መሐንዲሶች በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ አሠራር በዝርዝር አስረድተዋል። አዲስ ፖድካስት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሁለተኛው እርከን ላይ ደርሶ ተመዝኖ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ ከእጩዎቹ መካከል ሳይገባ ቀርቶ ነው።

እጩ የሚሆነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጽሑፍ ነው፦ ርዕስ፣ መግለጫ፣ የተመዘገበው ቋንቋና ምድብ። ሁለተኛው የሰው ጠባይ ነው፦ ማን ከፈተው፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ምን አዳመጠ። «ይህን የሰሙ ሰዎች ያንንም ሰምተዋል» የሚለው ስሌት ከዚህ ይመጣል። ሥርዓቱን ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ጆንያ ሳይፈታ እንደሚያሻሽጥ ደላላ አስቡት። በጆንያው ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ ማን ገዝቶ እንደሄደ፣ ማን በሚቀጥለው ሰኞ ተመልሶ እንደመጣ ያያል። እህሉን ግን አይቀምስም።

ለእንግሊዝኛ ፖድካስት ይህ ችግር በመጠኑ ተቃልሏል፤ ንግግሩ በራሱ ወደ ጽሑፍ ይለወጣልና። አፕል በ2024 እ.ኤ.አ. ይህን ሲጀምር በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነበር፤ አማርኛ አልነበረበትም። ስለዚህ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቦሩ ሜዳ ብታወሩ «ቦሩ ሜዳ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ከሌለ ለሥርዓቱ እንዳልተናገራችሁ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 1፦ አሁን የት እንዳላችሁ እዩ

በራሳችሁ አካውንት አትፈልጉ። የራሳችሁን ሥራ ደጋግማችሁ ስለከፈታችሁ ሁልጊዜ ከላይ ይመጣላችኋል፤ ብዙ አዘጋጅ በዚህ ይታለላል። ኢንኮግኒቶ መስኮት (ማንነታችሁንና የቀድሞ ፍለጋችሁን የማይጠቀም የአሳሽ መስኮት) ክፈቱና አምስት ነገር ፈልጉ፦ የፖድካስቱን ስም፣ ከዚያ የአራት ክፍሎችን ዋና ጉዳይ። ስንተኛ ላይ እንደወጣችሁ፣ ወይም ጭራሽ እንዳልወጣችሁ፣ ቀኑን ጨምራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ያው ፍለጋ ፖድካስቱን ሰምቶ በማያውቅ የኮምቦልቻ ወይም የወልድያ ሰው ስልክ ላይም ይደገም። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፤ ኋላ የምታሻሽሉት ሁሉ የሚለካው በዚህ ገጽ ነው።

ደረጃ 2፦ ቋንቋ፣ ምድብ፣ ሽፋን

የፖድካስት ማስቀመጫ ድርጅቶች (ድምፁን አስቀምጠው ለየመተግበሪያው የሚያደርሱ) ቅጽ ላይ ቋንቋው ሳይነካ ከተተወ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆኖ ይመዘገባል። ውጤቱ ከባድ ነው። ክፍሉ እንግሊዝኛ ለሚሰሙ ሰዎች ይቀርባል፤ እነሱ አምስት ሰከንድ ሰምተው ይወጣሉ፤ ሥርዓቱም «ይህን ሰው አይወደውም» ብሎ ይይዛል። በአርኤስኤስ ፋይሉ (መተግበሪያዎች የፖድካስቱን ክፍሎች በሚያነቡበት ዝርዝር) ውስጥ የአማርኛ ምልክት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው፦ ኤ እና ኤም። ማስቀመጫው ዝርዝር ካቀረበ «አማርኛ» የሚለውን ምረጡ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ላይ ደግሞ በየቪዲዮው ዝርዝር መጨረሻ የቪዲዮው ቋንቋና የርዕሱ ቋንቋ ለየብቻ ይሞላሉ፤ ሁለቱንም ሙሉ።

ምድብ ስትመርጡ ወደ ጠባቡ አድሉ። ስለ መንዙማ ትርጉምና ታሪክ የሚያወራ ፖድካስት ቦታው ሃይማኖት ሥር እስልምና እንጂ «ማኅበረሰብና ባህል» የሚባለው ሰፊ ጎተራ አይደለም። ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወይም ስለ ሰገሌ ጦርነት የሚሠራም ታሪክ ውስጥ ይግባ። ሰፊው ምድብ ውስጥ ከሁሉም ዓይነት ወሬ ጋር ትሰለፋላችሁ።

ዩቲዩብ ላይ ፖድካስት ማለት «ፖድካስት» ተብሎ የተሰየመ ፕሌይሊስት ነው። ቪዲዮዎችን በተናጠል መጫን ብቻውን ፖድካስት አያደርጋቸውም።

ሽፋኑ ለአፕል ባለ እኩል ጎን፣ ቢያንስ 1400 በ1400፣ ቢቻል 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፤ ለዩቲዩብ ተምኔል (የቪዲዮው ሽፋን ሥዕል) 1280 በ720። ከመጫናችሁ በፊት በስልክ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል አሳንሱትና እዩት። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ በትንንሽ ቅጥያዎች ነው፤ ቀና ቁ፣ ሰና ስ ሲያንሱ ይመሳሰላሉ። ሦስት ቃል በወፍራም ፊደል ይነበባል፤ ሰባት ቃል አይነበብም።

ደረጃ 3፦ የፊደል ጉዳይ

ይህ የወሎን ፖድካስቶች ከምንም በላይ የሚጎዳ፣ ከምንም በላይ ደግሞ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስን የሚፈልግ ሰው «ሐይቅ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ «ሀይቅ»ም፣ «ሃይቅ»ም ይጻፋል። «ንጉሥ ሚካኤል»ን «ንጉስ ሚካኤል»፣ «ዐፄ»ን «አፄ» ወይም «አጼ» የሚል ብዙ ነው። «ወረ ሂመኖ» ተለያይቶም ተያይዞም ይጻፋል። ለእኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ምልክት ነው። ሁሉም የፍለጋ ሳጥን እነዚህን እኩል አድርጎ አይቆጥርም፤ ስለዚህ እኩል ያደርግልኛል ብላችሁ አትደገፉ።

መጀመሪያ ቃሉን በየአጻጻፉ ፍለጋ ሳጥኑ ላይ እየጻፋችሁ ከሥር የሚመጡትን ማሟያዎች ተመልከቱ። ብዙ ማሟያ የሚመጣበት አጻጻፍ ሰው የሚፈልግበት ነው፤ እሱ ርዕስ ላይ ይግባ። ትክክለኛው የመጽሐፍ አጻጻፍ የተለየ ከሆነ በመግለጫው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ይምጣ። ሦስተኛ አጻጻፍ ካለ በመግለጫው መጨረሻ አንዴ። ፊደሉን አክብሮ መጻፍና መገኘት አይጋጩም፤ ቦታቸው ብቻ ይለያያል።

ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ያለ ወሎዬ ስልኩ ላይ የግዕዝ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። «ወሎ»ን በላቲን አንዱ በኦ አንዱ በኢ ይጽፈዋል፤ የ«ደሴ» መጨረሻም አንዳንዴ በአንድ፣ አንዳንዴ በሁለት አናባቢ ይጻፋል። በመግለጫው መጨረሻ የቦታና የሰው ስሞችን በላቲን በአንድ መስመር አስቀምጡ። ርዕሱን ግን ግማሽ ግዕዝ ግማሽ ላቲን አታድርጉት፤ ለዓይንም አይመችም፣ ስልክ ላይም ዋናው ቃል ይቆረጣል። አሥር ቁልፍ ቃል በፖድካስቱ ስም ውስጥ መደርደርም ጉዳት አለው፤ አፕል እንዲህ ያለውን ውድቅ ያደርጋል።

የዘመን አቆጣጠርም ያው ነው። አገር ቤት ያለው 1881 ብሎ ይፈልጋል፣ ውጭ የተማረው 1889። ሁለቱንም ጻፉ።

ምሳሌ እንይ። እንዲህ ያለ ርዕስ ብዙ ቦታ ይገኛል፦

«ክፍል 12 – ስለ ውሉ (የቀጠለ)»

እዚህ ውስጥ ማንም የሚፈልገው ቃል የለም። ሲስተካከል፦

«የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፦ አማርኛውና ጣሊያንኛው የተለያዩበት»

መግለጫው ደግሞ እንዲህ ይጀምራል፦ «ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (ሜይ 2 ቀን 1889 እ.ኤ.አ.) ወሎ፣ ውጫሌ ላይ በዳግማዊ ምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል የተፈረመው ስምምነት። የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመጻጻፍ በጣሊያን በኩል መሄድ ይችላሉ ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል።» በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሰው ሊፈልጋቸው የሚችሉ ስድስት ሰባት ቃላት አሉ፤ አንዱም ያለ ቦታው የተሰነቀረ አይደለም። የክፍል ቁጥር ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ማስቀመጫው ለቁጥር የተለየ ሳጥን አለው፤ ካልሆነም ከርዕሱ መጨረሻ ይሁን።

ዩቲዩብ ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይቀበላል፤ ስልክ ላይ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰው ነው የሚታየው። የግዕዝ ፊደል አንዱ አንድ ቀለም ስለሚይዝ በአርባ ፊደል ብዙ ነገር ማለት ይቻላል፤ ዋናው ስም በመጀመሪያዎቹ ሃያ ፊደላት ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 4፦ ድምፁና ፋይሉ

ባጭሩ፦ የድምፅ ከፍታ አፕል እንደሚመክረው 16 ኤልዩኤፍኤስ (የአማካይ ድምፅ ከፍታ መለኪያ) ከዜሮ በታች፣ ጫፉ ከዜሮ በታች 1 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ለንግግር ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ) በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃል። የ30 ደቂቃ ክፍል በ64 ኪሎቢት 14.4 ሜጋባይት ነው፣ በ128 ኪሎቢት 28.8። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ አድማጭ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፓኬጁ አልቆበት መሃል ላይ ያቋረጠና ሰልችቶት ያቋረጠ በሥርዓቱ መዝገብ ላይ አንድ ናቸው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች

ዩቲዩብ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከፈቱት ሰዎች ቁጥር ይልቅ ለቆዩበት ጊዜ ክብደት ይሰጣል። አፕልም የደረጃ ሰንጠረዡ የሚወጣው በማዳመጥ፣ በ«ፎሎው»ና ክፍሉን በመጨረስ እንደሆነ፣ ኮከብና አስተያየት ደግሞ ሰንጠረዡ ውስጥ እንደማይገባ ገልጿል። «አምስት ኮከብ ስጡን» ብሎ መለመን እንግዲህ ለሰንጠረዡ ምንም አይጨምርም፤ «እስከ መጨረሻው ስሙን» የሚያሰኝ ክፍል መሥራት ግን ይጨምራል።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ የቆይታ ግራፉን ክፈቱ። 30ኛው ሰከንድ ላይ ስንት በመቶ እንደቀረ ያሳያል። በአማርኛ ፖድካስቶች ላይ ገደሉ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፤ ምክንያቱም ሙዚቃ፣ ረጅም ሰላምታ፣ የስፖንሰር ምስጋና፣ የእንግዳው ማዕረግ ሁሉ ተደራርቦ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል።

ወሎ ላይ ነገር የሚጀመረው በምርቃት ነው። ይህ መቅረት የለበትም፤ የፖድካስቱ መልክም ጣዕምም እሱ ነው። ቦታውን ብቻ በትንሹ ወደ ኋላ ውሰዱት። እስከ 15ኛው ሰከንድ ድረስ የዕለቱን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር አቅርቡ፦ «የአምባሰል ቅኝት በስሙ ከተጠራበት አገር ጋር ምን ያገናኘዋል?» እስከ 35ኛው ሰከንድ እንግዳው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያውቅ። ከዚያ ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ ዱአው ይምጣ። ጥያቄው ልቡ ውስጥ የገባ ሰው ምርቃቱን በደስታ «አሚን» እያለ ይጠብቃል።

ከአንድ ሰዓት በላይ ለሆነ ክፍል የጊዜ ምዕራፎችን መግለጫው ላይ ጻፉ። ዩቲዩብ የሚቀበላቸው የመጀመሪያው 0:00 ከሆነ፣ ቢያንስ ሦስት ከሆኑና እያንዳንዳቸው ከ10 ሰከንድ ካላነሱ ነው። የምዕራፍ ስሞችም ጽሑፍ ናቸው፤ «ምዕራፍ ሁለት» ሳይሆን «ባቲና አንቺሆዬ የሚለያዩበት ድምፅ» በሉ።

ቅኝት ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ከ30 ሰከንድ በታች ዘፈን ማሰማት ይፈቀዳል» የሚባለው መሠረት የለውም። የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት አጭሩንም ይይዛል፣ በአንዳንድ አገር ክፍሉ ሊዘጋም ይችላል። ማሲንቆ ወይም ክራር የሚጫወት ሰው ጋብዛችሁ ቅኝቱን በቀጥታ ማሰማት ይሻላል፤ ለትምህርቱም የበለጠ ይጠቅማል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ አድማጮች

አዲስ ክፍል ሲወጣ ሥርዓቱ ለትንሽ ሰው አሳይቶ ምላሹን ይጠብቃል። የእነዚህ ሰዎች ማንነት ከብዛታቸው ይበልጣል።

የተለመደው ስህተት የቅሬውን (የወሎ ዕድር)፣ የዘመዱንና የቀድሞ ክፍል ጓደኛውን የቴሌግራም ግሩፕ ሁሉ አጥለቅልቆ «ሰብስክራይብ አድርጉልኝ» ማለት ነው። ሰው በይሉኝታ ይጫናል፤ አያዳምጥም። ሥርዓቱ ሁለት መቶ ተከታይ ያያል፣ አዲሱ ክፍል ለእነሱ ይቀርባል፣ ከሁለት መቶው አራቱ ይከፍቱታል፣ ሁለቱ ይቆያሉ። ሌላም ጉዳት አለ። የቅሬው አባል በቀሪ ሰዓቱ የሚያየው የእግር ኳስና የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ፣ የእናንተ ታሪክ ከኳስና ከሠርግ ጎን ይመደባል። በገንዘብ የሚገዛ ተከታይና «ግባልኝ ልግባልህ» ከዚህም ይከፋል፤ የዩቲዩብ ደንብም ይከለክለዋል።

በምትኩ ሠላሳ ሰው ፈልጉ፤ ሠላሳ ብቻ። ስለ ጉዳዩ ከልባቸው የሚጨነቁ ይሁኑ፦ የታሪክ መምህራን፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎች፣ የመድረሳ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች። በስም እየጻፋችሁ፣ ከክፍሉ የትኛው ደቂቃ እነሱን እንደሚመለከት እየጠቆማችሁ ላኩላቸው። በሊንክ ብቻ ከመግባት ይልቅ ስሙን ፍለጋ ላይ ጽፈው ቢያገኙት ይበልጣል፤ ቃሉና ክፍሉ የሚተሳሰሩት እንዲህ ነው።

የምትለቁበትን ሰዓት አጽኑ። እዚህ ላይ የኛ ሰዓት አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። ማታ 1 ሰዓት ሊለቅ አስቦ 1:00 ፒኤም የሞላ ሰው ክፍሉን ከቀኑ 7 ሰዓት ለቋል፤ ትክክለኛው 19:00 ነው። ማስቀመጫው በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀንሱና 16:00 ሙሉ።

በዓል ላይ የተመሠረተ ክፍል ካላችሁ አስቀድሙ። ስለ ላሊበላ ልደት የሚያወራ ክፍል ታኅሣሥ 29 ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ከወጣ ሥርዓቱ ሳያውቀው በዓሉ ያልፋል። ታኅሣሥ ሲገባ ይውጣ። የመውሊድ መንዙማ ክፍልም ከሦስት ሳምንት በፊት።

ደረጃ 7፦ ቴሌግራም

አማርኛ ድምፅ በብዛት የሚዞረው በቴሌግራም ነው። ነገር ግን ሙሉውን ፋይል ቴሌግራም ላይ ብትጭኑትና አምስት ሺህ ሰው ቢሰማው፣ ዩቲዩብም ስፖቲፋይም አንዱንም አያውቁም። በሌላ በኩል ሊንክ ብቻ ማድረግ ኔትወርክ ደካማ የሆነበትን የገጠር አድማጭ መግፋት ነው፤ ይህ ልክ አይደለም።

የሚሠራው መካከለኛ መንገድ ይህ ነው። ክፍሉ በወጣበት ቀን ከውስጡ ምርጡን ሁለት ደቂቃ ቆርጣችሁ ከሊንኩ ጋር ለጥፉ። ከሦስት ቀን በኋላ ሙሉውን በ32 ኪሎቢት ጫኑ፤ 30 ደቂቃው 7.2 ሜጋባይት ብቻ ይሆናል። ሊንኩ ቴሌግራም ውስጥ ባለች ትንሽ መስኮት ሲከፈት ሰውየው በአካውንቱ ስላልገባ ማዳመጡ በታሪኩ ላይ ላይያዝ ይችላል፤ «በዩቲዩብ መተግበሪያው ክፈቱት» ብላችሁ አንድ መስመር ጨምሩ።

ቴሌግራምም የራሱ ጥቆማ አለው። ሰው አንድ ቻናል ሲቀላቀል «ተመሳሳይ ቻናሎች» ብሎ የሚያወጣው ዝርዝር የሚሠራው በጋራ አባላት ነው። የይሉኝታ አባላት እዚህም ይጎዳሉ።

ደረጃ 8፦ ጎረቤት አበጁ

ሥርዓቱ ሁለት ፖድካስቶችን የሚያቀራርበው ሁለቱንም የሚያዳምጥ ሰው ሲኖር ነው። ማስታወቂያ ከመለዋወጥ እንግዳ መለዋወጥ ይበልጣል። ደሴ ላይ ስለ ንጉሥ ሚካኤል የሚሠራና ወልድያ ላይ ስለ የጁ ታሪክ የሚሠራ ሁለት አዘጋጆች አንድ ጉዳይ ለሁለት ቢከፍሉ፣ የመጀመሪያው ግማሽ በአንዱ፣ ቀጣዩ በሌላው ቢወጣ፣ አድማጩ ታሪኩን ለመጨረስ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መቶ ሰው በእግሩ የረገጠው መንገድ ለሥርዓቱ መንገድ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት፤ አንዴ አይበቃም።

አንድ ፖድካስት ውስጥ ዛሬ የሰገሌ ጦርነት፣ ነገ የስልክ ጥገና፣ ከነገ ወዲያ ቀልድ መቀላቀል ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። ጉዳዮቹ ከተለያዩ ፖድካስቶቹም ይለያዩ።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩን ማንበብና የድሮውን ማደስ

በወር አንድ ጊዜ የዩቲዩብን «የትራፊክ ምንጭ» ገጽ ክፈቱ። አብዛኛው «ከውጭ» ከሆነ የምትኖሩት በራሳችሁ ሊንክ ነው፤ ሥርዓቱ ገና አልያዛችሁም። «ከፍለጋ» ሲያድግ ደረጃ 3 ሠርቷል። «ከተጠቆሙ ቪዲዮዎች» ሲያድግ ደግሞ ዝርዝሩን ክፈቱና የትኞቹ ቪዲዮዎች እንደላኳችሁ አንብቡ። የታሪክና የቅኝት ሥራዎች ከሆኑ ደግ ነው። የማይገናኝ ነገር ከሆነ ወደ ደረጃ 2ና 6 ተመለሱ።

ተምኔሉን አይተው ከከፈቱት ሰዎች መቶኛ አንጻር፣ ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎች ግማሹ በ2 እና በ10 በመቶ መካከል ናቸው። 3 በመቶ ስላያችሁ አትደንግጡ። 8 በመቶ ከፍቶት 30ኛው ሰከንድ ላይ ግማሹ ከወጣ ርዕሱ የገባውን ቃል ክፍሉ አልፈጸመም ማለት ነው።

የፖድካስት ማውረድ ቁጥርንም በጥንቃቄ ያዙ። በተለመደው መለኪያ አንድ ማውረድ የሚቆጠረው ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ሲወርድ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻና ከአንድ ዓይነት መተግበሪያ የመጣም እንደ አንድ ይያዛል። ብዙ የሞባይል ስልኮች አንድ አድራሻ ሲጋሩ የተለያዩ አድማጮች እንደ አንድ ሊቆጠሩ ስለሚችሉ፣ እውነተኛው አድማጭ ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል።

የድሮ ክፍሎችን ስታድሱ ርዕሱንና መግለጫውን ብቻ ለውጡ። ክፍሉን ሰርዛችሁ እንደገና አትጫኑ። እያንዳንዱ ክፍል በአርኤስኤስ ውስጥ የማይለወጥ መለያ አለው፤ ሲሰረዝ የተጠራቀመው የማዳመጥ ታሪክ አብሮ ይሄዳል፣ ለተከታዮችም እንደ አዲስ ክፍል ይደርሳቸዋል። ዛሬም ፍለጋ ከሚያመጣላቸው ጉዳዮች ጀምሩ፤ በሳምንት ሁለት ክፍል፣ ከዚያ በላይ አይሁን፣ የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ ይጠፋባችኋል። ከ28 ቀን በኋላ ኢንኮግኒቶ መስኮቱን ክፈቱ፣ ያንኑ አምስት ፍለጋ ድገሙና ከደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ጋር አስተያዩት።